ለዝነኛዋ ዘፋኝ ለጄኒ ሊንድ በእጅ የተጻፉ የአድናቆት ቃላት

ሠዓሊ ቢሞት ሥዕሉ ይቀራል፤ ግንበኛም ቢሞት የሠራው ቤት ቆሞ ይታያል። የዘፋኝ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ድምፁ ከጉሮሮው ወጥቶ ለቅጽበት ያህል በአየር ላይ ይቆይና ይጠፋል፤ በማግስቱ እንመርምረው ብንል የሚጨበጥ ነገር አይገኝም። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍ የተባለውን የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ የሠራው በ1877 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት በዓለም ላይ የተዘፈነው ከሞላ ጎደል ሁሉ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በጊዜው ለነበሩት ሰሚዎች ብቻ ሆኖ አልፏል።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከተነሡት የኦፔራ ዘፋኞች መካከል የስዊድን ተወላጅ የሆነችውን የጄኒ ሊንድን ያህል ስማቸው የገነነ ጥቂቶች ናቸው። ኦፔራ ማለት ተዋንያኑ ቃላቸውን በዜማ እያደረጉ ከሙሉ የሙዚቃ ጓድ ጋራ የሚጫወቱት ቴያትር መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ጄኒ ሊንድ የሞተችው በ1887፣ ፎኖግራፍ ከተሠራ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ነገር ግን ከድምፅዋ ተቀርጾ ወደ እኛ የደረሰ ምንም የለም። የደረሰን የሰሟት ሰዎች በእጃቸው የጻፉት ነው፤ ደብዳቤ፣ ግጥም፣ የዕለት ማስታወሻ፣ የዜማ ምልክት የሰፈረበት ወረቀት። ጸሐፊዎቹ ንግሥትም አሉባቸው፣ ተማሪም አለባቸው፣ የዘመኑ ታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎችም አሉባቸው። እንግዲህ ድምፅዋን ለማወቅ ሌላ ምስክር ስለሌለን እነዚህን ምስክሮች መጠየቅ አለብን። ሰው የሚያደንቀውን ሰው ሲያሞግስ የሚናገረው በእውነት ስለዚያ ሰው ነውን? ወይስ ስለ ራሱ ነው? ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ አልታየንም።

በመጀመሪያ ማን እንደ ነበረች በአጭሩ እንናገር። ጄኒ ሊንድ ኦክቶበር 6 ቀን 1820 በስቶክሆልም ከተማ ተወለደች። እናትና አባቷ በዚያን ጊዜ በጋብቻ የተሳሰሩ ስላልነበሩ የልጅነት ኑሮዋ የተመቸ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት ለድመቷ ስትዘፍን የአንዲት የንጉሣዊ ቴያትር ዳንሰኛ አገልጋይ ሰማቻትና ሄዳ ለእመቤቷ ነገረች፤ በዚህም ምክንያት ወደ ቴያትሩ ትምህርት ቤት ገባች። ማርች 7 ቀን 1838 በቬበር ኦፔራ በ«ዴር ፍራይሹትዝ» ውስጥ አጋተ የተባለችውን ልጃገረድ ሆና ስትጫወት ከተማው ሁሉ ስሟን አነሣ። ከሥራ ብዛት የተነሣ ግን ድምፅዋ ደከመ። በ1841 ወደ ፓሪስ ሄዳ ማኑኤል ጋርሲያ ከተባለው ታላቅ የድምፅ መምህር ዘንድ ቀረበች። መምህሩም ከሁሉ አስቀድሞ ያዘዘላት ዝምታን ነበር፤ ለብዙ ሳምንታት እንዳትዘፍን ከለከላት። ከዚያ በኋላ አተነፋፈሷን ጀምሮ ከሀ ሁ አስተማራት። የምንመለከታቸው የአድናቆት ጽሑፎች አብዛኞቹ ከዚህ ትምህርት በኋላ የተጻፉ ናቸው።

በዚያ ዘመን የአድናቆት ቃል መጻፍ የታወቀ ሥርዓት ነበረው። በጀርመን አገር «ሽታምቡኽ» የሚባል፣ ባዶ ገጾች ያሉት ደብተር ነበረ፤ የደብተሩ ባለቤት ወዳጆቹንና የሚያከብራቸውን ሰዎች አንድ አንድ ገጽ እያስጻፈ ያኖረው ነበር። ልማዱ የተስፋፋው በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ የዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመምህሮቻቸውን የእነ ማርቲን ሉተርንና የእነ ሜላንክቶንን የእጅ ጽሑፍ ይሰበስቡ ነበር። በእኛ አገር ተማሪዎች የመጨረሻውን ክፍል ሲጨርሱ ከእጅ ወደ እጅ የሚያዞሩት አውቶግራፍ የዚሁ ልማድ ዘመድ ነው። አውቶግራፍ የጻፈ ሁሉ እንደሚያውቀው ደግሞ፣ ደብተሩ በደረሰን ጊዜ ባለቤቱ ቆሞ እየጠበቀ ስለሆነ የምንጽፈው ነገር ይጠፋብናል፤ ወይ ከፊታችን የጻፈውን ሰው ቃል እንገለብጣለን፣ ወይ ከልክ በላይ እናሞግሳለን። ለጄኒ ሊንድ የጻፉላትም ሰዎች ከዚህ ነፃ አልነበሩም። መልአክ፣ ኮከብ፣ ቅድስት እያሉ መጥራት የተለመደ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ የጸናው ግን «የስዊድን ናይቲንጌል» የሚለው ስም ነው። ናይቲንጌል በሌሊት የምትዘምር፣ መልኳ ተራ፣ ድምፅዋ ግን እጅግ ያማረ ትንሽ ወፍ ናት። ቃሉን «የሌሊት ወፍ» ብለን እንዳንተረጉመው በአማርኛ ሌላ ፍጥረት ይሆንብናልና እንደ ነበረ ትተነዋል።

ይህች ወፍ ከጄኒ ሊንድ ስም ጋራ እንድትያያዝ ካደረጉት ሰዎች አንዱ የዴንማርኩ ተረት ጸሐፊ ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን ነው። አንደርሰን የጫማ ሠሪ ልጅ ነበረ፤ በድኅነት አድጎ በብዕሩ የከበረ ሰው ነው። በ1843 ጄኒ ሊንድ ኮፐንሃገን መጥታ በዘፈነች ጊዜ ፍቅሯ ያዘው። ግጥም ይጽፍላታል፣ ደብዳቤ ይልክላታል፣ ያየውንና የተሰማውንም ማታ ማታ በማስታወሻው ላይ ያሰፍራል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር፣ በዚያን ጊዜ አዲስ በተከፈተው በቲቮሊ የመዝናኛ አጸድ ውስጥ ሳለ፣ ስለ ቻይና ንጉሠ ነገሥት አንድ ተረት መጻፍ ጀመረ፤ በማግስቱም ጨረሰው። ርእሱ «ናይቲንጌል» ነው። በተረቱ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ በእውነተኛዪቱ ወፍ ፈንታ በዕንቍ ያጌጠች፣ በመክፈቻ እየተጠመዘዘች አንድ ዜማ ብቻ የምትደጋግም የብረት ወፍ ይሰጠዋል፤ ቤተ መንግሥቱም እውነተኛዪቱን ይረሳል። የብረቷ ወፍ ግን ንጉሡ ለሞት በቀረበ ጊዜ የሚያጠብቃት ሰው በማጣት ዝም ትላለች። አዳኙ ከዱር የመጣችው ናት። ይህ የተጻፈው የኤዲሰን መሣሪያ ከመሠራቱ 34 ዓመት አስቀድሞ መሆኑን ልብ ይሏል።

አንደርሰን ከዚህ ሁሉ የጠበቀውን አላገኘም። ጄኒ ሊንድ ስትመልስለት «ወንድሜ» እያለች ነበር፤ ይህም ቃል በትሕትና የተነገረ እንቢታ መሆኑን ለመረዳት ረዥም ጊዜ አልፈጀበትም። በ1845 የገናን ዋዜማ በበርሊን ያሳለፈበትን ሁኔታ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ላይ ጽፎታል። እርሷም በዚያው ከተማ ነበረችና ትጠራኛለች ብሎ የሌላውን ሰው ግብዣ ሁሉ ሳይቀበል ቀረ፤ ጥሪው ግን አልመጣም። ብቻውን በመስኮት ወደ ሰማይ ሲመለከት አመሸ። ነገሩን በሰማች ጊዜ ለአዲሱ ዓመት ዋዜማ ለእርሱ ብቻ የሚሆን የገና ዛፍ አስጊጣ ጠራችው። ከዚህ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ቅሬታ አይታይም፤ የኪነ ጥበብን ቅድስና መጀመሪያ የተረዳው በእርሷ ምክንያት እንደ ሆነ ይመሰክራል። እንግዲህ አንደርሰን የጻፈውን ስናነብ ስለ አንደርሰን ብዙ እንማራለን። ድምፅዋ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ከፍ ያለው ዜማ ላይ እንዴት እንደሚሰማ ግን የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ስለ ድምፁ ከእርሱ የተሻለ ምስክር ስንፈልግ የሙዚቃ ሰዎችን እናገኛለን።

ከእነዚህ የሚቀድመው ጀርመናዊው ፌሊክስ ሜንደልሶን ነው። ከጄኒ ሊንድ ጋራ የተዋወቁት በ1844 በበርሊን ሲሆን፣ በታኅሣሥ 1845 ወደ ላይፕሲግ ጠርቷት በገቫንድሃውስ አዳራሽ እንድትዘፍን አደረገ። በዚህ ኮንሰርት ምክንያት አንድ ተማሪዎችን የሚመለከት ጭቅጭቅ ተነሣ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ወደ አዳራሹ በነፃ የመግባት መብት ነበራቸው። ለዚያ ምሽት ግን የቲኬቱ ዋጋ ከፍ ተደረገና የተማሪዎቹ መብት ታገደ። ተማሪዎቹም ተሰብስበው ከመካከላቸው አንዱን ወኪል አድርገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ላኩት። ያ ወኪል ኦቶ ጎልድሽሚት የተባለ የ16 ዓመት የፒያኖ ተማሪ እንደ ነበረ ይነገራል። ይህን ስም አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንገናኘዋለንና።

ሜንደልሶን በዚያ ዓመት ለገና በዓል ለጄኒ ሊንድ የሰጣት ስጦታ በገዛ እጁ የገለበጣቸው መዝሙሮቹ ያሉበት፣ በሥዕል ያጌጠ ደብተር ነው። ሜንደልሶን ሥዕልም የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ ቀለሙንና ብሩሹን ከሌላ ሰው መለመን አላስፈለገውም። እኛ እንደሚመስለን ከአድናቆት ጽሑፎች ሁሉ የዚህ ዓይነቱ ይበልጣል። የማሞገሻ ቃል አልበዛበትም፤ ጸሐፊው ግን ለአንድ ሰው ብሎ ብዙ ሰዓት ዝቅ ብሎ የዜማ ነጥብ ሲጽፍ ውሏል። ከዚህም የሚበልጥ አለ። በዚያን ጊዜ «ኤልያስ» የተባለውን ስለ ነቢዩ የሚናገረውን ታላቅ ድርሰቱን እያዘጋጀ ነበረ። በድርሰቱ ውስጥ ለሶፕራኖ፣ ማለት ለከፍተኛው የሴት ድምፅ፣ የጻፈውን ክፍል ያሰበው ለጄኒ ሊንድ ነው። በእርሷ ድምፅ ውስጥ ከላይኛው ክልል «ፋ ሻርፕ» የተባለው ድምፅ እጅግ ደስ ያሰኘው ስለ ነበረ፣ እስራኤል ሆይ ስሚ በሚለው ጥሪ የሚከፈተውን ዜማ በዚያው ድምፅ ዙሪያ ሠራው። እንግዲህ ይህ ወረቀት በቃል ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ትክክለኛ ምስክር ነው። ንግሥቲቱም ገጣሚውም «ድምፅዋ ሰማያዊ ነው» ብለው ያልፉ ይሆናል፤ ሜንደልሶን ግን ከሰማዩ የትኛው ቦታ ላይ እንደ ሆነ በመስመርና በነጥብ አሳየን።

«ኤልያስ» በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ኦገስት 26 ቀን 1846 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ የዘፈነችው ሌላ ሴት ነበረች። ሜንደልሶን ጄኒ ሊንድ ይህን ክፍል ስትዘፍነው ሳይሰማ በኖቬምበር 4 ቀን 1847 በ38 ዓመቱ ሞተ። እርሷም ከኀዘኗ የተነሣ የእርሱን መዝሙሮች ለረዥም ጊዜ ልትዘፍን አልቻለችም። ለእርሷ የተጻፈላትን ክፍል በሎንዶን በኤክሰተር አዳራሽ የዘፈነችው በታኅሣሥ 1848 ነው። ከዚያ ምሽት የተገኘው 1,000 ፓውንድ በሜንደልሶን ስም ለሚሰጥ የትምህርት መርጃ መነሻ ሆነ፤ የመጀመሪያውም ተጠቃሚ በ1856 የተመረጠው የ14 ዓመቱ ልጅ አርተር ሳሊቫን ነው። እርሱም በኋላ በእንግሊዝ አገር የታወቀ የኦፔራ ደራሲ ሆኗል።

በቪየና የሆነውን በአጭሩ እናልፈዋለን። የኦስትሪያው ታላቅ ባለ ቅኔ ፍራንዝ ግሪልፓርዘር ግጥም ጻፈላት። በ1847 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ክላራ ሹማን የፒያኖ ኮንሰርቶቿ ሰው አጥተው በተቸገረች ጊዜ ጄኒ ሊንድ በመጨረሻው ላይ አብራት ዘፈነች፤ አዳራሹም ጢም ብሎ ሞላ። ባሏ ሮበርት ሹማንም የራሱን መዝሙር ምንም ሳያስረዳት እንዴት እንደ ተረዳችው ተደነቀ።

ሎንዶን የገባችው በዚሁ ዓመት ነው። ሜይ 4 ቀን 1847 ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረበችበት ምሽት ንግሥት ቪክቶሪያ በቴያትሩ ተገኝተው ነበር፤ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ተመልሰውም የሰሙትን በዕለት ማስታወሻቸው ላይ በአድናቆት አሰፈሩ። የድምፁን ኃይልና ልስላሴ፣ እንደ ልብ የሚታዘዝም መሆኑን ያወሳሉ። ንግሥቲቱ ራሳቸው የዜማ ትምህርት የተማሩ ስለ ነበሩ ቃላቸው የተራ አድማጭ ቃል አይደለም። ነገር ግን ዛሬ ይህን ገጽ ለማየት የሚሻ ሰው የሚያገኘው የቪክቶሪያን የእጅ ጽሑፍ አይደለም። ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላ ታናሽ ልጃቸው ልዕልት ቢያትሪስ በታዘዙት መሠረት ማስታወሻውን ለብዙ ዓመታት እየመረጡ በ111 ጥራዞች ገለበጡት፤ የገለበጡትንም ዋናውን አቃጠሉት። የቀረልን የልጅ እጅ ነው። ይህን ስናስብ፣ በእጅ የተጻፈ ነገር ሁሉ የጸሐፊውን እጅ ያሳያል ብለን ከመናገራችን በፊት ትንሽ ቆም ማለት ይገባናል።

በዚያው ዓመት ጣልያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ ለእርሷ ድምፅ ብሎ «ኢ ማስናዲየሪ» የተባለ ኦፔራ ጽፎ ወደ ሎንዶን መጣ፤ ጁላይ 22 ቀን 1847ም ቀረበ። ከቬርዲ ጋራ አብሮት የመጣው ደቀ መዝሙሩ ኢማኑኤሌ ሙዚዮ ወደ ጣልያን አገር የላከው ደብዳቤ በእኛ አስተያየት ከአድናቂዎቹ ጽሑፎች ሁሉ የሚጠቅም ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው በሙሉ ልቡ አያደንቅም። መልኳ ቆንጆ አይደለም፣ አፍንጫዋ ትልቅ ነው፣ እጅና እግሯም ግዙፍ ነው ይላል። በከፍተኛው የድምፅ ክልል ላይ ዜማ ማንቀጥቀጡን የሚስተካከላት እንደሌለ ይመሰክርላታል። ቀጥሎም በየዜማው ላይ ጌጥ ታበዛለች፣ ይህም ያለፈው መቶ ዓመት ልማድ ነው እያለ ይተቻል። ሙዚዮ የሚጽፈው ለእርሷ አይደለም፤ እርሷ ታነበዋለች ብሎም አያስብም። ስለዚህ «ማንቀጥቀጡን የሚስተካከላት የለም» ሲል እናምነዋለን። መልአክ ነሽ እያሉ ከጻፉላት ሰዎች ይልቅ አፍንጫዋን ያልወደደው ሰው ምስጋና ሚዛን ይደፋል።

በሚቀጥለው ዓመት ፍሬደሪክ ሾፓን፣ በሽታው ጠንቶበት ሎንዶን ሳለ፣ ሰምቷት ለወዳጁ ጽፏል። እንደ ሌሎቹ ሰዎች በተለመደው ብርሃን ሳይሆን፣ በሰሜን አገሮች በሌሊት ሰማይ ላይ በሚታየው ብርሃን ውስጥ ሆና ትታየኛለች ይላል። ይህ ያማረ አነጋገር ነው፤ ፖላንዳዊው ሾፓንም ስለ ሰሜን ሰማይ ያለውን ሐሳብ ይገልጻል።

በሎንዶን ወዳጆቿ መካከል የዜማ ጆሮ ያልተሰጠው አንድ ሰው ነበረ፤ ይኸውም በኋላ የዌስትሚንስተር አቢ አለቃ የሆነው አርተር ስታንሊ ነው። ጄኒ ሊንድን እንደ እኅት ይወዳት ነበር፤ መዝፈን ስትጀምር ግን ከክፍሉ ይወጣ ነበር ይባላል። አንድ ቀን ሳይወጣ ቆይቶ ሰማትና መጥቶ አመሰገናት። እንዲህ ያለ ስሜት ያደረብኝ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም በቪየና ከተማ 400 ከበሮ መቺዎች አንድ ላይ ሲመቱ በሰማሁ ጊዜ ነው አላት። እርሷ ራሷ ይህን ከተቀበለቻቸው ምስጋናዎች ሁሉ አብልጣ እየሣቀች ታወራው ነበር።

ሜይ 10 ቀን 1849 ጄኒ ሊንድ ገና በ28 ዓመቷ ኦፔራን ለዘለዓለም ተወች። ሃይማኖቷ የጠነከረ ስለ ነበረ የቴያትር ኑሮ ከልቧ አልተስማማም። ከዚያ በኋላ በኮንሰርት ብቻ ትዘፍን ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው አሜሪካዊው ፊኒያስ ባርነም የመጣባት። ባርነም ድንቃ ድንቅ ነገሮችን እያሳየ የሚያተርፍ ነጋዴ ነበረ። የጄኒ ሊንድን ድምፅ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰማ ለ150 ምሽቶች በየምሽቱ 1,000 ዶላር ሊከፍላት ተዋዋለ፤ ገንዘቡንም 187,500 ዶላር አድርጎ አስቀድሞ በሎንዶን ባንክ አስቀመጠ። ይህን ያህል ገንዘብ ያስያዘ ሰው እንግዲህ አድናቂዎችን መፍጠር ግድ ሆነበት። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1850 ኒው ዮርክ ወደብ ስትደርስ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ጠበቃት። የመጀመሪያው ኮንሰርት ቲኬት በጨረታ ተሽጦ ጄኒን የተባለ ባርኔጣ ነጋዴ የመጀመሪያውን በ225 ዶላር ገዛ። ጓንት፣ ባርኔጣ፣ የቤት ዕቃ ሁሉ በስሟ ይሸጥ ጀመር።

ባርነም ከዚህም ሌላ ለአሜሪካ ሰላምታ የሚሆን ግጥም ለጻፈ 200 ዶላር እሸልማለሁ ብሎ በጋዜጣ አስነገረ። ከ700 በላይ ግጥሞች መጡ። ግጥሞቹ የተጻፉት በየቤቱ፣ ማታ በመብራት፣ በእጅ ነው፤ አብዛኞቹም ጸሐፊዎች ጄኒ ሊንድን ጨርሶ ሰምተዋት አያውቁም። ሽልማቱን ባያርድ ቴይለር የተባለ ወጣት ጸሐፊ አገኘ። የተሸነፉት በየጋዜጣው አጉረመረሙ፤ አንድ ቀልደኛ ጸሐፊም የወደቁትን ግጥሞች መስለው የተሠሩ የፌዝ ግጥሞችን በመጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም ብዙ ተነበበ። ይህን ስናነብ መጀመሪያ ሣቅን፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ እነዚያ 700 ሰዎች አሰብን። ለሁለት መቶ ዶላሩ ብቻ ነበርን የጻፉት? አንዳንዱ እንዲህ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ከትልቅ ነገር ጋራ በአንድ ወረቀት እንኳ መገናኘትን የፈለገ ሊሆን ይችላል።

ጄኒ ሊንድ ራሷ ስለ ነጋዴው ጩኸት ደስ አላላትም፤ ከመጀመሪያዎቹ ምሽቶች የደረሳትን 10,000 ዶላር ለኒው ዮርክ የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ሰጠች። ልግስናዋ በተሰማ ጊዜ በየከተማው የሚመጡላት ደብዳቤዎች መልካቸው ተለወጠ። የምስጋና ቃሉ መግቢያ ብቻ ሆነ፤ ከታች የሚከተለው የእርዳታ ልመና ነው። ባል የሞተባት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጁን ማስተማር ያቃተው ሁሉ ይጽፍላት ነበር። በሰኔ 1851 ከባርነም ጋራ ያላትን ውል አፍርሳ በራሷ መዘዋወር ጀመረች።

ከዚያ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ፣ ጁላይ 3 ቀን 1851፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በኖርዝሃምፕተን ከተማ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘፈነች። ከአድማጮቹ መካከል ከጎረቤት ከተማ ከአምኸርስት ከቤተሰቦቿ ጋራ የመጣች የ20 ዓመት ልጃገረድ ነበረች። ልጅቱ ከሦስት ቀን በኋላ ለወንድሟ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ በመንገድ ዝናብ እንደ መታቸው፣ አባቷም በኮንሰርቱ ላይ የተናደደ፣ ግራ የተጋባና የተደሰተ መስሎ እንደ ተቀመጠ ታጫውተዋለች። ስለ ዘፈኑ ግን የምትለው አንድ ያልተጠበቀ ነገር ነው፤ የወደድነው ሙዚቃዋን ሳይሆን እርሷን ራሷን ይመስለኛል ትላለች። ይህች ልጃገረድ ኤሚሊ ዲኪንሰን ናት። በሕይወቷ ሳለች ማንም አላወቃትም፤ በ1886 ከሞተች በኋላ ግን ከአሜሪካ ታላላቅ ባለ ቅኔዎች አንዷ መሆኗ ታወቀ። በዚያ ምሽት ታዋቂዋ ጄኒ ሊንድ በመድረኩ ላይ፣ ኤሚሊ ደግሞ በሕዝቡ መካከል ነበረች። የዲኪንሰን ደብዳቤ ከሌሎቹ የሚለየው አድናቆት ምን እንደ ሆነ ራሱን በመመርመሩ ነው። ሌሎቹ አድናቂዎች ሙዚቃውን እንወዳለን ብለው ሲጽፉ፣ ያቺ ልጅ ብቻ ልቧን ጠይቃ የተለየ መልስ አገኘች።

በዚህ ሁሉ መካከል የሌሉ ሰዎች እንዳሉም መዘንጋት አይገባም። ደብዳቤ የሚጠበቀው ጸሐፊው የታወቀ ሲሆን ነው፤ የሜንደልሶንን ወረቀት ሁሉም ይሰበስበዋል። በስቶክሆልም ቴያትር ከላይኛው ሰገነት ቆሞ የሰማት የእጅ ሠራተኛ ምን እንደ ተሰማው የሚነግረን ወረቀት የለም። የዚያ ሰው ዋጋ ግን ከሌሎቹ አያንስም፤ አንድ ቀን ሙሉ የሠራበትን ከፍሎ የገባ ነውና።

ጄኒ ሊንድ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1852 በቦስተን ከተማ አገባች። ባሏ ፒያኖ እየመታ ይከተላት የነበረው ኦቶ ጎልድሽሚት ነው፤ በላይፕሲግ ስለ ቲኬት አቤት ሊል ተልኮ የነበረው ያ ተማሪ ማለት ነው። በመጨረሻም በእንግሊዝ አገር ተቀመጡ። ከ1883 ጀምሮ በሎንዶን በሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሚውዚክ መምህርት ሆና አስተማረች። ኖቬምበር 2 ቀን 1887 በማልቨርን ተራሮች አጠገብ በነበረው ቤቷ ሞተች፤ በ1894ም በዌስትሚንስተር አቢ በሄንዴል ሐውልት ሥር መታሰቢያ ተደረገላት። ስዊድንም ከ1996 ጀምሮ በ50 ክሮነር ገንዘቧ ላይ መልኳን አትማ ለ20 ዓመት ያህል ሠርታበታለች።

ወረቀቶቿን የሰበሰበው ባሏ ነው። ጎልድሽሚት ደብዳቤዎቿን፣ የዕለት ማስታወሻዎችን፣ ሰዎች የጻፉላትንም ሁሉ አከማችቶ ለሁለት ጸሐፊዎች አስረከበ፤ እነርሱም በ1891 እስከ 1851 ያለውን የጥበብ ሕይወቷን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ በሌላ ሰው ያልተጻፉ ጥቂት ገጾች ይገኛሉ። እነዚህ ጄኒ ሊንድ በምትዘፍናቸው ኦፔራዎች ውስጥ ራሷ እየፈለሰፈች የምትጨምራቸው የዜማ ጌጦች ናቸው፤ ሙዚዮ በዛ ያላቸው እነዚያው ጌጦች። ጋርሲያ ዝም በይ ካላት በኋላ የሠራችው ሥራ ሁሉ እዚያ በነጥብ ተዘርዝሯል፤ ድምፁ ከየት ወደ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ በምን እንደሚያርፍ። ዛሬም ማንኛዋም የሠለጠነች ሶፕራኖ ገጹን ከፍታ በራሷ ጉሮሮ ልትሞክረው ትችላለች።